አስፋልቱ ወደ ሰሜን፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ፦ የወሎ ከተሞች ሙቀትን በገዛ እጃቸው እየገነቡት ነው

በግንቦት ወር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በኮቦ ዋና ጎዳና የሄደ ሰው ከመንገዱ በስተምሥራቅ የተደረደሩትን ሱቆች ሳይጠይቅ ይለያቸዋል። ፊታቸው በካርቶን፣ በሸራ፣ አንዳንዱም በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጋርዷል። ከጨርቁ ጀርባ ያለው በብዙ ገንዘብ ተገዝቶ ከሩቅ ተጭኖ የመጣ መስታወት ነው። ከእነዚህ ሱቆች በአንዱ፣ በአንዲት ጠባብ መድኃኒት ቤት፣ የልጅ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ገብቼ ነበር። ባለሙያዋ መደርደሪያውን እንኳ ሳታይ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። «ከ8 ሰዓት በኋላ ሽሮፑን ሁሉ ወደ ውስጥ እናግዘዋለን፣ ጋሼ፤ እዚህ ፊት ለፊት ከተውነው ይበላሻል» አለችኝ። ይዛ የመጣችው ማሸጊያ ላይ «ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀመጥ» የሚል ማሳሰቢያ ታትሟል። ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ቆምሁና ረድፉን አየሁት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረዋል።

ይህ የአንድ ባለሱቅ ስህተት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወሎን ከደቡብ ወደ ሰሜን ሰንጥቆ ያልፋል። ከሚሴ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ኮቦ ያደጉት በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። መሬት የሚሸነሸነው አስፋልቱን ተከትሎ ነው፤ ውዱ ቦታም አስፋልት ዳር ያለው ነው። ስለዚህ ሱቁም፣ ሆቴሉም፣ ባንኩም ፊቱን ወደ አስፋልቱ ያዞራል። መንገዱ ወደ ሰሜን ሲሄድ ደግሞ የቤቱ ፊት ምሥራቅ ወይም ምዕራብ ይሆናል። ለመስታወት ከአራቱ አቅጣጫዎች የከፉት ሁለቱ እነዚህ ናቸው።

ለምን እንደከፉ ለመረዳት የፀሐይን መንገድ ማወቅ ይበቃል። የወሎ ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። በመሆኑም ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ በትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። በሁለቱ መካከል፣ በክረምት መግቢያ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ያኔም ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች። ከፍ ያለች ፀሐይን መጋረድ ቀላል ነው። በደቡብ መስኮት ላይ 1 ሜትር የወጣ የጣሪያ ጠርዝ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ከሥሩ 1 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህሉን ያጠላል። በሰሜን በኩል ግማሽ ሜትር ይበቃል። በምዕራብ በኩል ግን ያው 1 ሜትር ጠርዝ በመጋቢት ወይም በመስከረም፣ በ10 ሰዓት፣ 70 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ያጠላል፤ በ11 ሰዓት ከ40 ሳንቲሜትር በታች። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጠርዙ ሥር ሾልካ ትገባለች። መስታወት ደግሞ ብርሃኑን አሳልፎ ያስገባል እንጂ፣ ብርሃኑ ያጋለው ወለልና ዕቃ መልሶ የሚለቀውን ሙቀት አያስወጣም። ምዕራብ የሚያይ ክፍል ውጪው መብረድ ሲጀምር የሚግለው ለዚህ ነው።

መንገዱን ማዞር አይቻልም። የቤቱን ፊት ግን ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። በየከተማው የቀሩትን አሮጌ ሱቆች አስተውሏቸው፤ ከአስፋልቱና ከበሩ መካከል በእንጨት ምሰሶ የቆመ በረንዳ አላቸው። ሁለት ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው በረንዳ ፀሐይዋን እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከአብዛኛው መስኮት ያርቃል፤ የቀረውን አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቁመታም የእንጨት ፍርግርግ ወይም መንገድ ዳር የቆመ ዛፍ ይሸፍነዋል። እግረኛውም ጥላ ያገኛል፤ ክረምት ላይ ከዝናብ ይጠለላል፤ ባለሱቁ ወንበሩን አውጥቶ ቡና ያስፈላበታል። አሁን በየከተማው መንገድ ሲሰፋና የሕንፃ ፊት ሲታደስ ይህ በረንዳ እንደ ኋላ ቀርነት ተቆጥሮ እየፈረሰ፣ በምትኩ ልሙጥ መስታወት እስከ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ሲመጣ ሳይ ያመኛል። ከተማዋን ለማሳመር የሚወጣው ገንዘብ እኮ ጥላን ቢጨምርበት ውበቱ አይቀንስም ነበር።

ካፖርቱ የሚወልቅበት ቁልቁለት

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ኮቦ ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች። አየሩ በየ100 ሜትር ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ይለያያል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ ቁልቁለቱን የወረደ ሰው ካፖርቱን ማውለቁ የተለመደ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ በደሴና በኮቦ መካከል 6 ዲግሪ። አያቶቻችን ይህን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ሰይመው እህሉንም፣ ልብሱንም፣ ቤቱንም በዚያው ለይተውታል። ዛሬ እህሉ እንደተለየ ነው፤ ቤቱ ግን አንድ ሆኗል። ደሴ ላይ የሚሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃና ኮቦ ላይ የሚሠራው ብዙ ጊዜ የአንድ ፕላን ሁለት ቅጂ ናቸው፤ ያም ፕላን መጀመሪያ የተነደፈው ለአዲስ አበባ ነበር።

በዚህ የሚጎዳው ቆላው ብቻ አይደለም። ደሴ ፀሐይ ትፈልጋለች። በታኅሣሥና በጥር ብርዱ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ፣ ቀን ቀን የምትወጣው ፀሐይ ነጻ ማሞቂያ ናት። ደቡብን የሚያይ ሰፊ መስኮት፣ አጭር የጣሪያ ጠርዝና ከሥሩ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ወለል ያለው ክፍል ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ወለሉን በወፍራም ምንጣፍ ካለበሳችሁት ግን ሙቀቱን አይጠጣም። ብዙዎቹ የደሴ ቤቶች በተቃራኒው መስኮታቸውን ወደ ግቢው በር ያደርጋሉ፤ በሩ ወደ ሰሜን ከሆነ ሳሎኑ በብርዱ ወራት ፀሐይ አያይም። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚያደርገው ይታወቃል። ከሰል ተያይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ብርዱ እንዳይገባም በርና መስኮት ይዘጋል። ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃበትም። በየብርድ ወቅቱ የምንሰማው የሙሉ ቤተሰብ መርዶ ከዚህ የሚመጣ ነው። ስለ ቤት አሠራር ስንነጋገር ስለ ምቾት ብቻ የምንነጋገር ለሚመስለው ሰው ይህንን ደጋግሜ እነግረዋለሁ።

አሥራ ስድስት ምጣድ

ወደ ቆላው እንመለስ፤ ትልቁ ጉዳይ ያለው ጣሪያው ላይ ነውና። ፀሐይ አናት ላይ በምትቆምበት አገር፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ላይ ከግድግዳው ይልቅ በጣሪያው ላይ ብዙ ፀሐይ ያርፋል። ሰማዩ ጥርት ባለበት እኩለ ቀን በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ኃይል ይወርዳል። 7 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ አንድ የመማሪያ ክፍል 56 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 56,000 ዋት ያርፍበታል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። በልጆቹ አናት ላይ አሥራ ስድስት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደተጣደ ቁጠሩት። ሁሉም ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ቆርቆሮው ከፊሉን ይመልሳል፣ ነፋስም ይወስዳል። የተረፈው ግን ቆርቆሮውን ከ60 ዲግሪ በላይ ሊያግለው ይችላል። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ ያ የጋለ ብረት በቀጥታ ወደ ልጆቹ ጭንቅላት ይተነፍሳል። ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ከሆነ የልጆቹ ሰውነት ራሱ አንድ ምጣድ የሚያህል ሙቀት ይጨምራል።

በኮቦ ዙሪያ የከሰዓት ፈረቃ የሚማሩ ልጆች ያሉበት ክፍል ገብቼ ነበር። መምህሩ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ልጆች በጀሪካን ውኃ አምጥተው ወለሉን ረጩት። ኋላ ያሉት ደብተራቸውን እንደ ማራገቢያ ይጠቀማሉ። ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ጥያቄ የሚመልስ እጅ አልተነሣም። ዝናብ ሲጥልስ? ብዬ ጠየቅሁት። ቆርቆሮው ሲደበደብ ድምፁ ስለማይሰማ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። አንድ ኮርኒስ ሁለቱንም ችግር ያቃልል ነበር። ሆኖም ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚሰረዘው ኮርኒሱ ነው፤ በፎቶግራፍ ላይ አይታይማ።

ኮርኒስ ብቻውን ግን አይበቃም። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ካላገኘ እንደ ታሸገ ምድጃ ይሆናል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር መግቢያ፣ ከአናቱ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ መውጫ ከተተወለት የጋለው አየር ራሱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለው በእግሩ ይተካል። መብራት አይፈልግም፤ አይበላሽም። ከኮርኒሱ በላይ ከጤፍ ጭድና ከጭቃ የተለወሰ ስስ ንጣፍ ቢደረግበት ሙቀቱንም ድምፁንም ያፍናል፤ 3 ሳንቲሜትሩ በካሬ ሜትር ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ግን እንጨቱ ይህን እንዲሸከም አስቀድሞ መሠላት አለበት። ቀለሙም ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ፀሐይ ሦስት አራተኛ ያህሉን ሊመልስ ይችላል። ዛሬ በየከተማው የምናየው ግን ቀይና ጥቁር አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይን የሚጠጣ ቀለም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሕንፃ ያሳየ ሰው አለ። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ፣ በቡርኪና ፋሶዋ ጋንዶ፣ በ2001 (እ.ኤ.አ.) አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው ከአካባቢው አፈር የተጨመቀ ጡብ ነው፤ ከክፍሎቹ በላይ ክፍተት ያለው የጡብ ኮርኒስ አለ፤ ቆርቆሮው ደግሞ ከኮርኒሱ ተነጥሎ፣ በብረት ዘንጎች ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው አልፎ ተዘርግቷል። ነፋስ በመካከል ያልፋል። ግንበኞቹ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ኬሬ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የፕሪትዝከርን ሽልማት፣ በሙያው ትልቁን ክብር፣ ሲቀበል ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ለእኔ ከሽልማቱ በላይ የሚደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጋንዶ በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ መካከል ናት። በጋንዶ ጣሪያ ላይ የምታልፈው ፀሐይና በወልዲያ ጣሪያ ላይ የምታልፈው ፀሐይ አንድ መንገድ ይሄዳሉ። የጋንዶ ሙቀት ከእኛ ይብሳል፤ እዚያ የሠራ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ጭቃው ለምን ተተወ?

የጭቃ ቤት ቀዝቃዛ ነው እያልን የምናሞግስ ሰዎች አንድ ነገር እንዘላለን። ሕዝቡ ከጭቃና ከሣር ክዳን የወጣው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ምስጥ ቋሚውን በላበት። ሣር የሚታጨድበት መሬት ታረሰ። ሣር ክዳን አንድ የእሳት ፍንጣሪ አይችልም። በየዓመቱ መምረግ የእናቶችን ጉልበት ጨረሰ። ብድር የሚፈልግ ሰው የጭቃ ቤት ይዞ ባንክ ቢሄድ አይሰማም። ብሎኬት ለእነዚህ ሁሉ መልስ ሰጠ፤ ያልመለሰው የሙቀትን ጥያቄ ነው። ባዶ ሆዱ ብሎኬት ቀን ያረፈበትን ፀሐይ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነ የድንጋይ ግንብ ግን ከ10 ሰዓት በላይ ያዘገየዋል። ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው የሾንኬ ኮረብታ አናት ላይ የአርጎባ ማኅበረሰብ የሠራቸው የድንጋይ ቤቶች እስከ ዛሬ ቆመዋል። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንዱ ለአንዱ ጥላ ይሆናል። በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ እጁን የዘረጋ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል።

ወፍራም ግንብ በቆላ ጥንቃቄ ይሻል። ምዕራብ ላይ ያለ፣ ጥላ የሌለው ወፍራም ግንብ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ውፍረት ነው። ሌላም አለ። ወሎ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል። ከባድ ግንብ ዙሪያውን የሚያስር ቀበቶ፣ ከኮንክሪትም ሆነ ከእንጨት፣ ከሌለው ሰው ላይ ይወድቃል። መካከለኛ መንገድ አለ። ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ የተደባለቀበት የተጨመቀ የአፈር ጡብ ምስጥን ይቋቋማል፣ ዝናብን ይችላል፤ በብዙ ወጪ ከሩቅ የሚጫነውን ሲሚንቶም ይቀንሳል።

ለምን አሁን? ኢትዮጵያ ከ1960 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ በአማካይ 1.3 ዲግሪ ሞቃለች፤ ሙቀቱም አልቆመም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እያደገ በአራት ዓመት እንዲስተካከል ተወስኗል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መስታወት፣ አሉሚኒየምና ኤር ኮንዲሽነር ዋጋቸው የት እንደደረሰ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። የኛ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ጥያቄው የጭስ ብቻ አይደለም። አንድ ኤር ኮንዲሽነር ከ1,000 ዋት በላይ ይወስዳል፤ የጣሪያ ቬንትሌተር 60 ወይም 70 ዋት። ጣሪያው በደንብ በተሠራ ቤት ቬንትሌተሩ ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ደግሞ ጥላና ነፋስ አይጠፉም።

የወሎ ቆላ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ማታ መስኮት ከፍቶ ግድግዳውን ማቀዝቀዝ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት መዝጋት፣ ይህ ብቻ ቀኑን ይለውጠዋል። ግን ማነው ኮቦ ወይም ከሚሴ ላይ ማታ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ? ወባ አለ፤ ሌባ አለ። መስኮቱ ሲሠራ ወንፊትና የብረት ፍርግርግ አብሮ ካልታሰበ ምክሩ ባዶ ነው። ከኮርኒሱ ሥር፣ ሰው በማይደርስበት ከፍታ፣ ወንፊት የተገጠመለት ረጅምና ጠባብ ክፍት ቢተው ሁለቱንም ይፈታል። ዋጋው ከአንድ የአሉሚኒየም በር ያንሳል።

ከ624/2001 የሕንፃ አዋጅ ጀምሮ በከተማ የሚገነባ ሰው ፕላኑን ለሕንፃ ሹም ማቅረብ ይጠበቅበታል። መሠረቱ፣ ምሰሶው፣ ከአጥር ያለው ርቀት ይታያል። የእኔ ሐሳብ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር ነው፦ ይህ ቦታ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? ምዕራብ የሚያየውን መስታወት ምን ያጠላዋል? መልሱን ያልጻፈ ፕላን ይመለስ። ባለሙያው ለማሰብ ይገደዳል፤ ከአዲስ አበባ የተቀዳው ፕላን ኮቦ ሲደርስ ይፈተሻል። በ2014ቱ ጦርነት የፈረሱት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች መልሰው እየተሠሩ ያሉት አሁን ነው። ዛሬ ያለ ኮርኒስ የተዘጋ ጣሪያ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የልጆች ፈተና ይሆናል።

ከጥቂት ወራት በፊት የአክስቴ ልጅ ከሚሴ ላይ መሠረት ሊያወጣ ነበር። ቦታው ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ነው፤ ፊቱ ምዕራብ። የገዛው ፕላን ላይ ሙሉው ፊት መስታወት ነበር። ግንበኛው ኖራ ይዞ መስመር ሊያሰምር ሲል ሦስታችን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆመን ጠበቅን፤ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ የሱቁ መደርደሪያ ይቆምበታል በተባለው ቦታ ላይ አረፈች። የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ አያት። ፊቱን ሁለት ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ስበን በረንዳ አደረግነው፤ ደረጃውና መጸዳጃው በምዕራብ ሆነው መኝታ ቤቶቹን እንዲጋርዱ ተደረገ፤ መኝታዎቹ ወደ ሰሜን ዞሩ። ቦታ አጣሁ ብሎ ቅር ሲለው ግንበኛው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ «አብሽር፣ ከመስታወቱ የተረፈህ ብር ኮርኒሱን ይችልልሃል» አሉት። አክስቴ ነገሩን ከሩቅ ሲሰሙ ቆይተው ነበር። በማግሥቱ በፕላስቲክ የተተከሉ ሁለት የኒም ችግኞች ይዘው መጡ። ጉድጓዱን ግንበኛው ራሳቸው ቆፈሩላቸው፤ በአስፋልቱ በኩል፣ በምዕራብ።